የጋራዥ ወለልን ማልበስ፦ በራስ እጅ ወይስ በተቋራጭ?

የመኪና ማቆሚያ ክፍላቸውን ወለል በኢፖክሲ፣ ማለትም ሁለት ፈሳሾች ተቀላቅለው በሚጠነክር ሽፋን፣ ለማልበስ ያሰቡ ሰዎች ብዙውን ጊዜ የሚጀምሩት ሁለት ዋጋ ጎን ለጎን በማስቀመጥ ነው፤ በአንድ በኩል የጣሳው ዋጋ፣ በሌላ በኩል ተቋራጩ የጠየቀው ገንዘብ። ልዩነቱ ሰፊ ስለሚሆን ነገሩ እዚያው ያለቀ ይመስላል። ሁለቱ ዋጋዎች ግን የአንድ ነገር ዋጋ አይደሉም። ጣሳው ውስጥ ያለው ቀለም ብቻ ነው። የደህና ተቋራጭ ሒሳብ ደግሞ በአብዛኛው የጉልበትና የማሽን ነው፤ ከጉልበቱም የሚበዛው የሚያልቀው የጣሳው ክዳን ገና ሳይከፈት፣ ኮንክሪቱን በመፍጨት፣ አቧራውን በመሳብና ስንጥቁን በመድፈን ነው።

የዚህ ጽሑፍ አቋም የሚነሣው ከዚህ ነው። ተልጦ የተነሣ የወለል ሽፋን ሲመረመር ጥፋቱ ሩሎውን የያዘው እጅ ላይ የሚገኘው ከስንት አንዴ ነው። ብዙውን ጊዜ ኮንክሪቱ እርጥበት ነበረው፣ ዘይት ጠጥቶ ነበር፣ አለዚያም ቀለሙ ነክሶ የሚይዘው ሻካራ ገጽ አልነበረውም። ስለዚህ «ማን ይቀባ?» የሚለውን ለጊዜው እናቆየውና «ኮንክሪቱን ማን ያዘጋጀው፣ በምንስ?» ብለን እንጀምር። ይህን የመለሰ ሰው የቀረውን ለመወሰን ብዙ አይቸገርም።

ወለሉ ምን ይላል?

ብዙ ወጪ ሳያወጡ፣ ማንንም ሳይጠሩ የሚሠሩ ሁለት ሙከራዎች አሉ። የመጀመሪያው የውሃ ጠብታ ነው። በተለያዩ ቦታዎች፣ በተለይም መኪናው በሚቆምበት ቦታ ላይ ጥቂት ውሃ ጠብ ያድርጉ። ውሃው በአንድ ሁለት ደቂቃ ውስጥ ሰርጎ ቦታው ከጠቆረ ኮንክሪቱ ክፍት ነው፤ ሊይዝ የመጣውን ይቀበላል። ድቡልቡል ብሎ ላዩ ላይ ከቆመ ግን ቀድሞ ማሸጊያ ተቀብቷል፣ ወይም ዘይት ጠግቧል፣ ወይም ደግሞ ሲሠራ እስኪያብረቀርቅ ተወልውሎ ገጹ ተዘግቷል። ውሃ ያላስገባ ወለል ኢፖክሲም አያስገባም።

ሁለተኛው የላስቲክ ሙከራ ሲሆን በባለሙያዎች ዘንድ ኤኤስቲኤም ዲ 4263 በሚባል ደረጃ ተመዝግቦ ይገኛል። 45 በ45 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ላስቲክ ወለሉ ላይ ይዘርጉ፤ አራቱንም ጠርዝ አየር እንዳያስገባ በቴፕ ያሽጉና ቢያንስ ለ16 ሰዓት ይተዉት። ሲያነሡት ከሥሩ ላብ ከታየ ወይም ኮንክሪቱ ከአካባቢው ጠቁሮ ከተገኘ ከታች እርጥበት እየወጣ ነው ማለት ነው። ላስቲኩ ደረቅ መሆኑ ግን ብቻውን የምስክር ወረቀት አይደለም። ሙከራው አለ ወይም የለም ይላል እንጂ መጠን አይናገርም፤ በደረቅ ወራት የደረቀ መስሎ የታየ ወለልም ዝናብ ሲመጣ ጠባዩን ሊለውጥ ይችላል። መጠኑን ማወቅ የሚቻለው ኮንክሪቱ ውስጥ በተበሳ ቀዳዳ በሚገባ መለኪያ ነው። ብዙ አምራቾች በዚህ መንገድ የሚለካው የውስጥ እርጥበት ከ75 እስከ 85 በመቶ ካለው ወሰን በላይ እንዳይሆን ይጠይቃሉ፤ ትክክለኛው ቁጥር በየምርቱ መግለጫ ላይ ተጽፎ ይገኛል።

እርጥበቱ ይህን ያህል የሚያሳስበው ለምንድን ነው? ኢፖክሲ ሲጠነክር ጥቅጥቅ ያለ፣ እንፋሎት የማያሳልፍ ንጣፍ ይሆናል። መሬት ላይ የፈሰሰ ኮንክሪት ከሥሩ ላስቲክ ካልተነጠፈለት የአፈሩ እርጥበት ያለማቋረጥ ወደ ላይ ይወጣል። ሽፋን በሌለበት ጊዜ ሳይታይ ይተናል። መውጫው ሲዘጋበት ደግሞ ጨውና አልካሊ እየገፋ ይመጣና ሽፋኑን ያሳብጠዋል፣ ከዚያም ያስለቅቀዋል። ወለልዎ ላይ ተጠርጎ ተመልሶ የሚመጣ ነጭ ዱቄት ካለ ይህ ጉዞ እየተካሄደ መሆኑን እያዩ ነው። አዲስ የፈሰሰ ኮንክሪትም ቢሆን ቢያንስ 28 ቀን ሳይሞላው መነካት የለበትም።

በዚህ ነጥብ ላይ ማወላወል አያስፈልግም። ላስቲኩ ላብ ካሳየ በገዛ እጅ መሥራት ከምርጫው ይወጣል። እርጥበትን የሚያግድ ልዩ የኢፖክሲ መሠረት አለ፤ ሆኖም መለካትን፣ በደንብ መፍጨትንና ትክክለኛ ውፍረትን ይጠይቃል። መለኪያ ያለው ተቋራጭ ይጥሩ፣ አለዚያም በመጨረሻ ወደማነሣው ቀለም አልባ መንገድ ይሂዱ።

መፍጨት ወይስ አሲድ?

ወለሉ ደረቅ ነው እንበል። ቀጥሎ ያለው ጉዳይ የገጹ ሻካራነት ነው፤ ሁለቱ አማራጮች በእውነት የሚለያዩትም እዚህ ላይ ነው። ዓለም አቀፉ የኮንክሪት ጥገና ተቋም የኮንክሪትን ሻካራነት ከ1 እስከ 10 በተሰጠ ደረጃ ይለካዋል። ለስስ ቀለም 1 ወይም 2 ሊበቃ ይችላል፤ ወፈር ላለ ኢፖክሲ 2 እና 3 ይፈለጋል፤ ይህም እጅ ሲዳስሰው የብርጭቆ ወረቀት ያህል የሚቧጥጥ ገጽ ነው።

ለቤት ሠሪ የሚሸጡት ብዙዎቹ ጥቅሎች አብሯቸው ትንሽ የአሲድ ዱቄት ወይም ፈሳሽ ይመጣል። አሲዱ ከሲሚንቶው ኖራ ጋር ተዋግቶ ገጹን ይበላል፤ ውጤቱ አብዛኛውን ጊዜ ከደረጃው የታችኛው ጫፍ አካባቢ ይቀራል። ርካሽነቱ አይካድም፤ ማሽንም አይጠይቅም። ችግሩ ግን ሳይታይ የሚቀር መሆኑ ነው። ማሸጊያ ወይም ዘይት ባለበት ቦታ አሲዱ አይሠራም፤ ስለዚህ ወለሉ በአንዱ በኩል ተበልቶ በሌላው በኩል እንደነበረ ይቀራል። በሚገባ ካልታጠበ ዱቄትና ጨው ይተዋል፤ ቀለሙም ኮንክሪቱን ሳይሆን ያንን ዱቄት ይይዛል። ሲታጠብ ደግሞ ሊያደርቁት ብዙ የደከሙበት ወለል እንደገና ውሃ ይጠጣል፤ ቢያንስ ሁለት ሦስት ቀን ካልደረቀ አይቀባም። አሲድ ለመጠቀም የወሰነ ሰው ሁልጊዜ አሲዱን ወደ ውሃው ይጨምር፤ ውሃን ወደ አሲድ መጨመር ፊት ላይ የሚረጭ ፍል ያስነሣል። ሲጨርስም በመጋገሪያ ሶዳ (ቤኪንግ ሶዳ) ያርክሰው። ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ከሆነ እንፋሎቱ በዚያ ክፍል ያለን ብረት ሁሉ ስለሚያዝግ መኪናውንም መሣሪያውንም አስቀድሞ ያውጣ።

የአልማዝ ዲስክ ያለው የወለል መፍጫ ማሽን ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ ይሻገራል። የላላውን የሲሚንቶ ቅርፊት፣ የድሮውን ማሸጊያና የቀለም ቅሪት ያነሣል፤ ገጹን እኩል ያሻክራል፤ ውሃ አይጨምርም። ማሽኑን መከራየት በሚቻልበት ቦታ ያለ ሙያም ቢሆን ሊገፋ ይችላል፤ ግን ከባድ ነው፣ በአንድ ቦታ ላይ ጥቂት ሲቆይ ጎድጎድ ያለ ክብ ይተዋል፤ በግድግዳ ጥግ ያለው ጠርዝም በእጅ ግራይንደር መጠናቀቅ አለበት። ጠርዝ የተዘለለበት ወለል ከጠርዙ መላጥ ይጀምራል።

ከዚህ ጋር የሚመጣው አቧራ ቀልድ አይደለም። ኮንክሪት ሲፈጭ የሚነሣው ደቂቅ ሲሊካ ሳንባ ውስጥ ይቀመጣል፤ በጊዜ ብዛት ሲሊኮሲስ የሚባለውን የማይድን የሳንባ በሽታ ያመጣል። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነት ሕግ ለሠራተኛ የሚፈቅደው በስምንት ሰዓት አማካይ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ 50 ማይክሮግራም ብቻ ነው፤ በዓይን የማይታይ መጠን ነው። ስለዚህ ማሽኑ ደቂቅ አቧራ ከሚይዝ ቫኪዩም ጋር ካልተገጠመ፣ የሚፈጨውም ሰው ፊቱ ላይ የሚገጥም የአቧራ ጭንብል ካላደረገ ሥራው አይጀመር። በመጥረጊያ መጥረግ አቧራውን መልሶ አየር ላይ ከመበተን ሌላ የሚፈይደው የለም።

አሁን ወደ ተቋራጩ እንመለስ። ከተቋራጭ የሚገዙት ትልቁ ነገር ይህ ማሽን፣ ይህ ቫኪዩምና ሁለቱን የለመደ እጅ ነው። «በአሲድ አጥበን እንቀባዋለን» የሚል ተቋራጭ ከመጣ የሚሸጥልዎ እርስዎ ራስዎ ልትሠሩት የምትችሉትን ነው፤ ዋጋው ቢቀንስም እንኳ እኔ አልቀበለውም። ከመንገድ የገባ የጋለ ጎማ ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፤ ሲኮማተር ከሥሩ ያለውን ሽፋን ይዞ ይጎትታል። መያዣው ደካማ ከሆነ መኪናው በማግስቱ ሲወጣ የሽፋኑ ቁራጭ ጎማው ላይ ተለጥፎ አብሮት ይወጣል። በተቀባበት ሰሞን ያማረ ወለል ከጥቂት ወራት በኋላ በአራቱ ጎማዎች ልክ አራት ገላጣ ቦታ የሚያወጣው በዚህ ምክንያት ነው።

ስንጥቅን በተመለከተ ባጭሩ፦ የማይንቀሳቀስ ስንጥቅ በኢፖክሲ ሊደፈን ይችላል። የሚንቀሳቀስ ስንጥቅና ሆን ተብሎ የተተወ የማስፋፊያ ክፍተት ግን በሚለጠጥ መሙያ እንጂ በሚደርቅ ነገር አይሞላም፤ ኮንክሪቱ ሲንቀሳቀስ ከላዩ ያለውን ሽፋን ሰንጥቆ ይወጣልና።

ጣሳው ውስጥ ያለው ነገር

ሁለት ጣሳዎች ላያቸው ላይ «ኢፖክሲ» ስለሚል ብቻ አንድ አይደሉም። የሚለያቸው በውስጣቸው ያለው ጠጣር መጠን ነው። በውሃ የተሠራው የቤት ሠሪ ጥቅል ብዙውን ጊዜ ከይዘቱ ግማሽ ያህሉ ጠጣር ነው፤ የቀረው ተንኖ ይሄዳል። መቶ በመቶ ጠጣር የሆነው ደግሞ የፈሰሰው ሁሉ ወለሉ ላይ ይቀራል።

ይህን ለማስላት አንድ ነገር ማወቅ ይበቃል፦ አንድ ሊትር በአንድ ካሬ ሜትር ላይ እኩል ቢዘረጋ ውፍረቱ አንድ ሚሊ ሜትር ይሆናል። ስድስት በስድስት የሆነ፣ ማለትም 36 ካሬ ሜትር ወለል ላይ 9 ሊትር ቢዘረጋ እርጥቡ ውፍረት ሩብ ሚሊ ሜትር፣ ይህም 250 ማይክሮን ነው። ጠጣሩ 100 በመቶ ከሆነ ሲደርቅም 250 ይቀራል። 50 በመቶ ከሆነ 125 ብቻ ይቀራል። ጥቅሉ «ለሁለት መኪና ይበቃል» ስላለ አይመኑ፤ ሊትሩን በስፋቱ አካፍለው በጠጣሩ መቶኛ ያባዙ። መቶኛው በይዘት እንጂ በክብደት የተጻፈ አለመሆኑንም ያረጋግጡ፤ በክብደት ሲጻፍ ቁጥሩ ከፍ ብሎ ይታያል። ያንኑ ስሌት በተቋራጩ ዋጋ ማቅረቢያም ላይ ይሥሩት። በደንብ የተሠራ፣ መሠረት፣ ጌጠኛ ፍሌክ (እርጥቡ ላይ የሚበተን ባለቀለም ስስ ቅንጣት) እና የላይ ሽፋን ያለው የባለሙያ ወለል ግማሽ ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ይደርሳል። ልዩነቱ ቀለም ከመቀባትና ንጣፍ ከማንጠፍ ልዩነት የሚያንስ አይደለም።

የፀሐይ ነገርም አለ። ተራ ኢፖክሲ ፀሐይ ሲያገኘው ቢጫ ይሆናል፣ ላዩም ዱቄት ያወጣል። በሩ ክፍት ሆኖ የሚውል ከሆነ በር አጠገብ ያለው ክፍል ከውስጡ ተለይቶ ይታወቃል። ይህን የሚከላከለው ፀሐይን የሚቋቋም ፖሊዩሬቴን ወይም ፖሊአስፓርቲክ ከላይ ሲደረብ ነው። ፖሊአስፓርቲክ ቶሎ ይደርቃል፤ መኪናን በ24 ሰዓት ውስጥ ማስገባት የሚያስችሉት የ«አንድ ቀን» ሥራዎች በእሱ ላይ የቆሙ ናቸው። ፍጥነቱ ግን ለሠሪው ጠላት ነው። ከተበጠበጠ በኋላ ያለው የሥራ ጊዜ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ገደማ ስለሆነ ላልለመደ ሰው እርጥቡን ጠርዝ ከእርጥቡ ጋር ማጋጠም ይከብደዋል፤ የሩሎው መስመር እንደተጻፈ ይቀራል። ፖሊአስፓርቲክ የሚፈልግ ሰው ያሠራ፣ ራሱ የሚሠራ ሰው ኢፖክሲ ይያዝ እላለሁ።

የመቀባቱ ሰዓት

የኢፖክሲው ሁለት ፈሳሾች፣ ሬዚኑና ማጠንከሪያው፣ ሲገናኙ ድብልቁ ራሱን ያሞቃል። በ20ዎቹ ዲግሪ ሴንቲግሬድ ውስጥ መቶ በመቶ ጠጣር ኢፖክሲ ከ30 እስከ 40 ደቂቃ ያህል ይሠራል። አየሩ በ10 ዲግሪ ቢሞቅ ጊዜው ወደ ግማሽ ይወርዳል። ባልዲ ውስጥ ተከማችቶ ከቆየ ደግሞ ሙቀቱ መውጫ ስለሚያጣ ድብልቁ ሊጨስና ባልዲውን ሊያቀልጥ ይችላል። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይባላል፤ በዚህ ሥራ ግን የምትጎዳው ያላፈሰሰችው ናት። እንደተበጠበጠ ሙሉውን ወለሉ ላይ በረጅም መስመር ማፍሰስ፣ ከዚያ በላስቲክ መግፊያ መዘርጋትና በሩሎ ማስተካከል ነው ሕጉ። ስስ ሆኖ ከተዘረጋ በኋላ ሙቀቱ ስለሚበተን ጊዜው ይረዝማል።

ማማሰሉም የራሱ ሥርዓት አለው። በዝቅተኛ ፍጥነት በድሪል ማማሰያ ሦስት ደቂቃ፣ የባልዲውን ጎንና ታች እየጠረጉ። ከዚያ ወደ ሌላ ንጹሕ ባልዲ ገልብጦ እንደገና ማማሰል ይመረጣል። ያልተዋሐደ ድብልቅ ወለል ላይ ሲወርድ ለዘለዓለም የሚያጣብቅ ቦታ ይፈጥራል፤ ፍቆ ከማውጣት በቀር መድኃኒት የለውም። በዚህም ምክንያት የባልዲውን ታች እየቧጠጡ ወለሉ ላይ ማድረግ አይገባም። ቆጣቢ ሰው ይህን መተው ይከብደዋል፤ ጥቂት ጭልፋ ተርፎ ይጣል።

አየሩን በተመለከተ የወለሉ ሙቀት ከጤዛ ነጥብ (የአየሩ እርጥበት ወደ ውሃ መለወጥ ከሚጀምርበት ሙቀት) ቢያንስ በ3 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መብለጥ አለበት፤ አለዚያ ዓይን የማያየው ውሃ ኮንክሪቱ ላይ ይቀመጣል። ጠዋት፣ ሙቀቱ እየጨመረ ሲሄድ መቀባትም አይመከርም። ኮንክሪቱ ሲሞቅ በቀዳዳዎቹ ውስጥ ያለው አየር እየሰፋ ይወጣና ሽፋኑን በመርፌ እንደተወጋ ያደርገዋል። ሙቀቱ መውረድ ሲጀምር፣ ከሰዓት በኋላ መሥራት ይሻላል። ብርድና እርጥበት ባለበት ደግሞ ኢፖክሲው ላዩ ላይ ሰም የሚመስል ቅባት ያወጣል፤ ሳይታጠብ ሁለተኛ ካባ፣ ማለትም ሁለተኛ ዙር ሽፋን፣ ቢደረብበት አይያያዝም። ሁለተኛው ካባ አብዛኛውን ጊዜ በ24 ሰዓት ውስጥ መድረስ አለበት፤ ካለፈ የመጀመሪያውን በብርጭቆ ወረቀት ማሻከር ግድ ነው።

ይህን ሁሉ አንድ ሰው ብቻውን አይችለውም። አንዱ ያማስላል፣ አንዱ ጠርዙን በብሩሽ ይቀድማል፣ አንዱ ሩሎ ይገፋል። ሦስት ሰው ካልተገኘ ሁለት፤ ከዚያ ካነሰ ተቋራጩን መጥራት ነው። ሲጨርሱ ከ24 ሰዓት በኋላ ይረገጣል፤ መኪና ለማስገባት ግን እንደ ምርቱና እንደ አየሩ እስከ ሳምንት ድረስ መታገሥ ያስፈልጋል።

ጓንት አይረሳ። ያልጠነከረ ኢፖክሲ ቆዳን ደጋግሞ ሲነካ አለርጂ ያመጣል፤ አንዴ የመጣ አለርጂ ደግሞ ከሰውየው ጋር ይኖራል። ፖሊዩሬቴንና ፖሊአስፓርቲክ አይሶሳያኔት የሚባል ንጥረ ነገር ስላላቸው አስም ላለበት ሰው ክልክል ናቸው ብሎ ማሰብ ይሻላል። በማሟሚያ የተሠራ ቀለም ከሆነ በክፍሉ ያለ ማንኛውም የጋዝ እሳት ይጥፋ።

ተቋራጭን በወረቀት መመዘን

ሁለት ሦስት ተቋራጮችን ሲጠይቁ ዋጋቸውን ከማወዳደርዎ በፊት አንድ ዓይነት ነገር እያቀረቡ መሆኑን ያረጋግጡ። ጽሑፉ ላይ መኖር ያለበት ይህ ነው፦ በምን ማሽን እንደሚፈጩ፣ እርጥበቱን በምን እንደለኩና ስንት እንዳገኙ፣ የምርቱ ሙሉ ስምና የቴክኒክ መግለጫው፣ ስንት ካባ በምን ውፍረት እንደሚሆን፣ ስንጥቅ መድፈን በዋጋው ውስጥ መግባት አለመግባቱ። «አንደኛ ደረጃ ኢፖክሲ እንቀባለን» የሚል አንድ መስመር የዋጋ ማቅረቢያ አይባልም። ሥራ የሚያውቅ ሰው እነዚህን ሲጠየቅ አይቆጣም፤ እንዲያውም የሚያናግረው ሰው በማግኘቱ ደስ ይለዋል። መቆጣቱ ራሱ መልስ ነው።

ሥራውን እሱ ራሱ ይሠራዋል ወይስ ለሌላ ቡድን አሳልፎ ይሰጠዋል? ይህንንም ይጠይቁ፤ ለማየት የመጣው ሰውና ለመፍጨት የሚመጣው ሰው ብዙ ጊዜ አይተዋወቁም። ከዚያ የሠራውን ወለል ያሳይዎት፤ ሆኖም ባለፈው ወር የተሠራውን አይደለም። ትናንት የተቀባ ወለል ሁሉ ያበራል። ቢያንስ ሦስት ዓመት መኪና የወጣ የገባበትን ይጠይቁ፤ ሲደርሱም ጎማ የሚቆምበትን ቦታ፣ የበሩን ደፍና የግድግዳውን ጥግ ይመልከቱ።

«በአንድ ቀን እንጨርሳለን» የሚል ካለ የእርጥበት ሙከራው የትኛው ቀን ላይ እንደሚውል ይጠይቁት። የአንድ ቀን ሥራ በራሱ ማታለል አይደለም፤ ሙከራው ከዚያ ቀን በፊት መሠራት አለበት እንጂ።

ዋስትናው ብዙ ሰው የሚዘናጋበት ቦታ ነው። ረጅም ዓመት የተጻፈበት ዋስትና ከታች በትንንሽ ፊደል «ከወለል ሥር የሚወጣ እርጥበትን አይጨምርም» ካለ ዋነኛውን የመላጥ ምክንያት አውጥቶታል ማለት ነው። የጋለ ጎማ የሚያደርሰውን መላጥ ይጨምራል? ሲላጥ ቀለሙን ብቻ ነው የሚተኩት ወይስ መፍጨቱንና ጉልበቱንም? ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ከዓመቱ ብዛት ይበልጣል፤ ምክንያቱም የተበላሸን ሽፋን ማንሣት ባዶ ኮንክሪትን ከማዘጋጀት የበለጠ አድካሚ ነው። በክፍያም ቢሆን ቀብድ መስጠት የተለመደ ነው፤ ሙሉውን አስቀድሞ መክፈል ግን አይደለም። መጨረሻው ክፍያ ወለሉ ደርቆ በጥሩ ብርሃን ከታየ በኋላ ይሁን።

መሃል መንገዱ

ብዙ ሰው ያላሰበው አማራጭ አለ፤ እኔም ለብዙዎቹ ደረቅ ወለሎች የምመርጠው እሱን ነው። መፍጨቱን ብቻ ማሠራት፣ መቀባቱን ራስ መሥራት። ማሽን ያለው ተቋራጭ ግማሽ ቀን መጥቶ ይፈጫል፣ አቧራውን በቫኪዩም ይስባል፣ ይሄዳል። ከባዱ፣ አደገኛውና ሽፋኑ እንዲይዝ ወይም እንዲላጥ የሚያደርገው ክፍል በለመደ እጅ ያልቃል፤ የቀረው ጥንቃቄና ሁለት ረዳት የሚጠይቅ ሥራ ነው። ሁሉም ተቋራጭ በዚህ አይስማማም፤ አንዳንዱ ያለ ሙሉ ሥራው አይመጣም።

ጉድለቱም ይነገር። ነገሩ ቢበላሽ የፈጨው ቀቢውን፣ ቀቢው የፈጨውን ይከሳል፤ ዋስትና የሚሰጥዎ የለም። ከተፈጨ በኋላም መኪና ተመልሶ ሳይገባ፣ ቢቻል በማግስቱ መቀባት አለበት፤ የተከፈተ ኮንክሪት የመጀመሪያውን የዘይት ጠብታ በደስታ ይጠጣል።

ከዚህ በኋላ ምርጫው ብዙም አያከራክርም። ወለሉ ደረቅና ከ40 ካሬ ሜትር የማይበልጥ፣ ቀድሞ ያልተቀባ፣ የሚፈለገውም አንድ ወጥ ቀለም ከሆነ፣ መኪናውም ውጭ ሳምንት ማደር ከቻለ በራስ እጅ ወይም በመሃል መንገዱ መሄድ ያዋጣል። እርጥበት ያለበት፣ የድሮ ቀለም የተላጠበት፣ ዘይት ለዓመታት የጠጣ ወይም ብዙ የተሰነጠቀ ወለል የተቋራጭ ነው። ሙሉ በሙሉ በፍሌክ የተሸፈነ ወለል የሚፈልግ ሰውም ቢያሠራ ይሻለዋል፤ ፍሌኩን መበተን ይቀላል፣ የተረፈውን ፍቆ ከላይ እኩል ማሸግ ግን ልምድ ይጠይቃል። ቤቱን በቅርቡ ለመሸጥ ብቻ ብሎ የሚቀባ ሰው ደግሞ ከነጭራሹ ባይቀባ ይሻላል ባይ ነኝ፤ ንጹሕ ባዶ ኮንክሪት ግማሹ ከተላጠ ኢፖክሲ የተሻለ ይመስላል።

ቀለም ያልሆነው አማራጭ

ዓላማዎ ወለሉ አቧራ እንዳያወጣ ብቻ ከሆነ ይህ ሁሉ ድካም ላያስፈልግ ይችላል። የሊቲየም ወይም የሶዲየም ሲሊኬት ማጠንከሪያ በመርጫ ወለሉ ላይ ይረጫል፤ ወደ ኮንክሪቱ ሰርጎ ከኖራው ጋር በመዋሐድ ገጹን ያጠነክረዋል። ላዩ ላይ የሚቀመጥ ንጣፍ ስለሌለው የሚላጥ ነገር የለም፤ እንፋሎትንም አያግድም፤ ስለዚህ የላስቲኩን ሙከራ ላላለፈ ወለል ተስማሚ ነው። ቀለም አይሰጥም፣ ዘይትንም ሙሉ በሙሉ አያስቆምም፤ የፈሰሰው ቶሎ ካልተጠረገ ምልክቱ ይቀራል። በገዛ እጅ ለመሥራት ከሁሉ ይቀላል፦ ወለሉን በደንብ አጽድቶ፣ እኩል ረጭቶ፣ የተረፈውን ከመድረቁ በፊት መጥረግ ነው፤ የተጠራቀመ ሲሊኬት ከደረቀ በኋላ ነጭ ቅርፊት ሆኖ ስለሚቀር ለማንሣት ያስቸግራል። ወደፊት አንድ ቀን ኢፖክሲ ልቀባ የሚል ሰው ግን ሲሊኬት የጠጣው ገጽ የተዘጋ መሆኑን ያስታውስ፤ ያኔ መፍጫ ማሽኑ መምጣቱ አይቀርም።